ደላላ ያልኩት ማሽን

አባቴ ደላላ ነበር። ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ሰዎች አይቻለሁ። ዲላ አካባቢ ቡና ያለው ሰው ሁሉ ለዚህ ቃል የራሱ ቂም አለው። እኔ ግን ቃሉን የሰማሁት ከቂሙ በፊት ነው። እኛ ቤት ደላላ ማለት፣ የማይተዋወቁና የማይተማመኑ ሁለት ሰዎች መሐል ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርስ፣ የማይሆነውን ሰው ከደጅ የሚመልስ፣ ነገሩ ቢሳካም ባይሳካም የሚሰደብ ሰው ማለት ነበር። እናቴ ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘነች «አባታችሁ ደላላ ባይሆን እናንተ በምን ትማሩ ነበር?» ትለን ነበር። እኔም ተማርኩ። ኮምፒዩተር ተማርኩና ዲላ ተመልሼ፣ ገበሬዎች ያቋቋሙት ትንሽ የቡና ማኅበር ቢሮ ውስጥ ተቀጠርኩ። አባቴ ይህን ሳያይ ሞተ። ቢያይ በሳቅ ይሞት ነበር፤ ማኅበሩ የተቋቋመው እሱን ከመሰሉ ሰዎች ለመገላገል ነዋ።

ሥራዬ ማሽኑን መጠበቅ ነው። ከጠረጴዛዬ ሥር የተቀመጠ፣ ሲያጉረመርም የሚውል ጥቁር ሣጥን ነው፤ እኔ ሰርቨር እለዋለሁ፣ አብሮኝ የተማረው ሥራ አስኪያጃችን «ሣጥኑ» ይለዋል። ውስጡ የየአባሉ ማሳ ነበረ፤ ካርታው፣ የባለቤቱ ፎቶ፣ ድንበሩን አብረው የዞሩ ጎረቤቶች አውራ ጣታቸውን ያሳረፉበት ቅጽ። ውጭ አገር ያሉት ገዢዎች ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ ማየት ስለፈለጉ ነው ይህ ሁሉ የተጀመረው። ሁለት ዓመት በእግሬ ዞሬያለሁ። ከእንሰት ሥር እየሾለክሁ፣ በጭቃ እየተንሸራተትኩ፣ በእጄ የያዝኳት መሣሪያ በዛፍ ጥላ ውስጥ ያለችበትን ቦታ እስክታውቅ ቆሜ እየጠበቅሁ የስንቱን ሰው ድንበር ለካሁ። ቅጾቹን አንድ በአንድ በስካነር አስገባሁ። ወረቀቶቹ ወደ መጋዘን ሄዱና ምስጥ በላቸው። ሥራ አስኪያጁ ደንግጦ ሲመጣ «አይዞህ፣ ሁሉም ማሽኑ ውስጥ አለ» አልኩት። ኮራ ብዬ ነው ያልኩት፤ ያን ኩራቴን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይቃጠላል።

ከእነዚያ ማሳዎች አንዱ ከኮንጋ ወደ ውስጥ፣ ሞተር የሚያደርሰው መንገድ አልቆ በእግር ዳገት የሚወጣበት ቦታ ነው። የማሳው ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ናቸው። መሬቱን ባላቸውና የባላቸው ታናሽ ወንድም ከአባታቸው ወርሰው እኩል ተካፍለውታል። የመንግሥት የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ግን ታላቅየው ታሞ ስለተኛ፣ ደብተሩ በታናሽየው ስም ብቻ ወጣ። ወንድማማች ናቸው፤ ማን ማንን ይጠረጥራል? ባልየው ሞቱ። እኔ ለልኬት ስሄድ የባላቸው ወንድም ራሱ አብሮን ዞረ። ከፊት ከፊት እየሄደ ቅርንጫፍ ይገፋልን ነበር። አንድ የዋንዛ ዛፍ ጋ ሲደርስ መሬቱን በእግሩ መታ አድርጎ «ከዚህ ወዲያ የእሷ ነው» አለ። ከሁለት ጎረቤቶች ጋርም ቅጹ ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈ። የሴትዮዋ መሬት ያ አሻራ ነው። ሌላ ምንም ማስረጃ የላቸውም።

ከዓመት በላይ ሰላም ሆኖ ቆየ። ከዚያ የሰውየው ልጅ ሚስት ሊያገባ ደረሰና ቦታ ጠበበ። «ወንድሜ ሞቷል፤ የአባቴ መሬት ወደ አባቴ ልጅ ይመለሳል» ማለት ጀመረ። አንድ ቀን የድንበሩን ተክል ጥቂት እርምጃ ገፍቶ ተከለው። ሴትዮዋ በማግሥቱ ከኮንጋ በሞተር፣ ከይርጋጨፌ በመኪና ዲላ መጡ።

«ልጄ፣ አንተ ነህ የኔን ወረቀት የያዝክ?» አሉኝ በሩ ላይ ቆመው። አማርኛን በጎልማሳነታቸው ነው የለመዱት፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። እኔም ሴት ነኝ ብዬ አላረምኳቸውም፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

«እኔ ነኝ እናቴ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አሻራው አለ? የዚያ ሰውዬ አሻራ?»

«አለ። ማሽኑ ውስጥ ነው። መብራት ሲመጣ አሳይዎታለሁ።»

መብራት አልመጣም። የያዙትን ቆጮ ከቅጠሉ ፈትተው ለእኔም ቆርሰው ሰጡኝ፤ እሱን እየበላን ብዙ ጠበቅን። መኪና እንዳያመልጣቸው ሲነሡ ጠረጴዛው ሥር ያለውን ሣጥን ጎንበስ ብለው አዩት። «አንተ አለ ካልክ አለ» አሉና ሄዱ።

በጣም አዘንኩ፤ ማዘኔም እልህ ሆነብኝ። አንዲት እናት የራሳቸውን ድንበር ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ መጥተው ባዶ እጃቸውን መመለስ የለባቸውም አልኩ። መዝገቡ ነው ወደ እሳቸው መሄድ ያለበት። ኮንጋ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ያለችው መዝጋቢ በስልኳ ከፍታ ታሳያቸው፤ ቀበሌውም ይየው፤ ገዢዎቹም ከፈለጉ ካሉበት ይዩት። በማግሥቱ መብራት መጣ። አንዲት ገጽ አትሜ፣ ማኅተም አስመትቼ ይርጋጨፌ በሚሄድ መኪና መላክ እችል ነበር። አላተምኩም። መንገድ ለመሥራት ስጣደፍ ወረቀቷን ረሳኋት።

ማሽኑ ቢሮው ውስጥ ባለ ዝግ መረብ ላይ ነበር፤ ከውጭ ማንም አያየውም። ከውጭ የሚመጣውን ወደ ውስጥ ለማድረስ ሦስት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው፣ ቢሮው ወደ ኢንተርኔት በሚወጣበት ራውተር ላይ በር መክፈት ነው፤ ማንም ይሁን ማን በዚያ በር የገባ ቀጥ ብሎ እኛ ማሽን ላይ ይደርሳል። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ የሚያስጠላኝም ለዚያ ነው። ሁለተኛው፣ ለእያንዳንዱ ሰው የግል ቁልፍ ሰጥቶ በስውር መንገድ ማስገባት ነው። ደህና ነው፤ ነገር ግን ስልክ የቀየረ ሁሉ፣ ቁልፉ የጠፋበት ሁሉ እኔ ዘንድ ሊመጣ ነው፤ ገዢዎቹም ቁልፉን ማሽናችን ላይ አንጭንም ብለዋል። ሦስተኛው እኔ የወደድኩት ነበር። አዲስ አበባ አንዲት ትንሽ ማሽን ተከራይቶ ከፊት ማቆም። እንግዳው የሚያገኘው እሷን ብቻ ነው። እሷ ትጠይቃለች፣ የማይሆነውን ትመልሳለች፣ የሚሆነውን ጥያቄ በጠባብ መንገድ ወደ እኛ ታስተላልፋለች፣ መልሱን ተቀብላ ታደርሳለች። እንግዳው የእኛ ቤት የት እንደሆነ እንኳ አያውቅም። በሙያው ፕሮክሲ ይሏታል።

ሥራ አስኪያጁ ከሦስተኛው ጋር ተስማማ። ይሁን እንጂ መዝገቡ የአባላቱ ነውና ኮሚቴው ሳይወስን የሚሆን ነገር የለም። ስለዚህ ኮንጋ ሄድኩ።

የተሰበሰብነው ቡና ከሚደርቅባቸው አልጋዎች አጠገብ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ሰባቱ የኮሚቴ አባላት በአግዳሚ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ሌላም ሰው መጥቶ ዙሪያውን ቆሟል። ሊቀመንበሩ ሽማግሌ፣ ቁጥብና አስተዋይ ሰው ናቸው፤ ማኅበሩን ካቋቋሙት አንዱ። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ አንድ የኮሚቴ አባል ወደ ጌዴኦኛ ይመልስልኛል። እዚሁ ተወልጄ ጌዴኦኛዬ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም፤ ይህም የእኔው ነውር ነው።

የመጀመሪያውን መንገድ ነገርኳቸው። ሁለተኛውን ነገርኳቸው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሊቀመንበሩ እጃቸውን አነሡ።

«ይሄ አዲስ አበባ የሚቆመው ማሽን፣ እኛና ገዢው መሐል ነው የሚቆመው?»

«አዎ።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

ቀላል ላድርገው አልኩ። ሰው እንዲገባው የምትናገረው በሚያውቀው ቃል ነው፣ እኔም ከማውቀው ቃል ሁሉ የሚቀርበኝን አነሣሁ። «እንደ ደላላ በሉት» አልኩ።

አስተርጓሚዬ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። መተርጎም አላስፈለገውም፤ ደላላ በጌዴኦኛም ደላላ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያን ቀን ቃሉ አፋፉን ሲሻገር ቆሜ አየሁት። ከኋላ ጀምሮ ማጉረምረም መጣ።

«እኛ ይሄን ማኅበር ያቋቋምነው ለምንድን ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ከደላላ እጅ ለመውጣት ነው። ብዙ ዓመት በእሸት ቡናችን ላይ ዋጋ የሚናገረው ደላላ ነበር። እሱን ከመንገድ አስወጣነው። አሁን አንቺ ኮምፒዩተር ውስጥ ታስገቢብናለሽ?»

ከቆሙት አንዱ፣ ድሮ ከአባቴ ጋር ሲገበያዩ የማውቃቸው ሽማግሌ፣ «ምን ታድርግ! የአባቷ ልጅ ናት!» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ጨዋታ ነበር። እኔ ግን አባቴ መቃብሩ ውስጥ የተሰደበ መስሎኝ ጆሮዬ ጋለ።

«የመጀመሪያው ምን ነበር ያልሽው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ቀጥታ ነው። መሐል ማንም የለበትም።»

ቀጥታ የሚለውን ቃል ስናገር ፊታቸው ሲበራ ታየኝ። በዚያ አገር ለቡና ገበሬ ከዚህ የጣፈጠ ቃል የለም። ቀጥታ ለገዢ፣ ቀጥታ ከማሳ። ሃያ ጊዜ በሥልጠና የሰሙት፣ ግድግዳ ላይ የተጻፈላቸው፣ የታገሉለት ቃል ነው። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ቀጥታ ይሁን!» አሉ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ለብዙ ጊዜ ለማንም ያልተናገርኩት ነው። የእነሱ ወግ ነገርን እንዲሁ አይዘጋም። ሁሉም ሳይናገር፣ የተቃወመውም ሳይሰማ ውሳኔ የለም። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ የምትጨምሪው አለ?» አሉኝ። የለም አልኩ። ሰው ሁሉ ሐሳቡን ከሰጠ በኋላ እንደገና ዞረው ጠየቁኝ። የለም አልኩ። ሊነሡ ሲሉ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ዐይን ዐይኔን እያዩ፣ «አንቺ ነሽ የተማርሽው። ይሄ ቀጥታው ክፉ ጎን አለው?» አሉኝ። ክፋቱን አውቅ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት እንኳ ለልጅም መንገር ይቻላል። እኔ ግን አኩርፌያለሁ። «እናንተ ወስናችኋል፤ እንዳላችሁ ይሁን» አልኩ። ቃለ ጉባኤውንም ራሴ ጻፍኩት። «ኮሚቴው ቀጥታው መንገድ እንዲሆን ወስኗል» ብዬ ስጽፍ እስክሪብቶውን ጫን አድርጌ ነው የያዝኩት፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

ትክክለኛው ቃል የመጣልኝ ስመለስ ነው። ሚኒባሱ ወናጎ ላይ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ግቢ በር ላይ ጋቢ የለበሱ ሰውዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንድ እንግዳ መጣ፤ ተነሡ፣ ማንን እንደሚፈልግ ጠየቁት፣ ደጅ አቁመውት ገቡ፣ ተመልሰው በሩን ከፈቱለት። ዘበኛ! ያቺ ማሽን ዘበኛ ናት። ዘበኛን የሚጠላ ማን አለ? ማጠቢያ ጣቢያው ራሱ ሁለት ዘበኛ አለው፤ የቀጠሩትም እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። ዘበኛ ብላቸው ኖሮ «አንዱ ይበቃል ወይ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር እንጂ አይስቁብኝም ነበር።

የሊቀመንበሩ ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ አየሁት። «ተሳስቻለሁ፣ ቃሉ ሌላ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኚያ ሰው ሦስት ጊዜ የጠየቁኝ ናቸው፤ አራተኛም ይሰሙኝ ነበር። ስልኩን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ደግሞ እነሱ ናቸው በአባቴ የሳቁት፤ ይቅመሱት አልኩ። ማን እንደሚቀምሰው አላሰብኩም።

በሩን ከፈትኩ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ማሽኑ የሚመጣውን ሁሉ የሚጽፍበትን ዝርዝር ስከታተል ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሩን የሚዳስሱት አልተቋረጡም፤ ዲላ የት እንዳለች የማያውቁ፣ ሰው ይሁኑ ማሽን የማይታወቁ፣ ከየአገሩ እየመጡ በሩን ገፋ እያደረጉ የሚያልፉ። የቻልኩትን ዘጋሁ፣ የይለፍ ቃሉን አጠነከርኩ። ማሽኑ ላይ ያለው ፕሮግራም መታደስ እንዳለበትም አውቅ ነበር፤ መስመሩ ደካማ ነው፣ ሲጠነክር አደርገዋለሁ እያልኩ ዛሬ ነገ አልኩ።

ደግሞ መሥራቱ! ገዢዎቹ አመሰገኑ። አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ፤ የኮንጋዋ መዝጋቢ ናት፤ ሳትጨርስ ስልኩን ለሴትዮዋ ሰጠቻቸው።

«አየሁት!» አሉኝ እየጮኹ። «ልጄ፣ አየሁት! ቡናዬ አለ፣ እንሰቴ ያለበት አለ፣ አሻራውም አለ። በእጄ ነካሁት።»

«አሁን ደስ አለዎት?»

«አንተ ምን ልበልህ! ጌታ ይባርክህ።»

የዚያን ቀን ያህል በሥራዬ ተደስቼ አላውቅም። መዝጋቢዋን «ስክሪኑን በፎቶ አንሥተሽ አስቀሪላቸው» ማለት ትንሽ ነገር ነበር፤ አላልኳትም። ለምን እላታለሁ? በፈለጉ ቀን ያዩት የለም?

የክረምቱ ዝናብ ሲከፋ አንድ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገባሁ። ማሽኑ እንደ ወትሮው ያጉረመርማል። ስክሪኑን ስከፍት ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ጠበቀኝ፤ ፋይሎቻችሁን ቆልፈናል፣ እንድንከፍትላችሁ ክፈሉ ይላል። አንዱን ካርታ ነካሁ፤ እንቢ አለ። ሌላውን ነካሁ። የሰው ሁሉ ስም ተለውጦ የማይነበብ ፊደል ሆኗል። መጠባበቂያው ዲስክ ትዝ አለኝና ልቤ መለስ አለ፤ ከዚያ ዲስኩ የት እንዳለ አየሁ። እዚያው ማሽን ላይ እንደተሰካ ነበር። ከወራት በፊት ሰክቼው ሳልነቅለው ቀርቻለሁ። እሱም ተቆልፏል። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያ በጉጉት የጀመርኩት ሥራ፣ የዞርኩት ዳገት፣ የሰው አውራ ጣት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ እኔም ልከፍተው አልችልም።

የጠየቁት ገንዘብ ከማኅበሩ አቅም በላይ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሙያ ጓደኛዬ በስልክ ሊረዳኝ ሞከረ፤ አልሆነም። ሊያጽናናኝ ብሎ «ከፊት ፕሮክሲ ቢኖርም ያረጀውን ፕሮግራም ካላደስሽው ሊገቡ ይችሉ ነበር» አለኝ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የገቡበትን ቀዳዳ በኋላ አይቼዋለሁ፤ ዘበኛ የሚባል ነገር በር ላይ ቢኖር በዚያ የገባው ከደጅ የሚመለስ ዓይነት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቃለ ጉባኤውን ይዞ መጣ። «አንቺ ምን አጠፋሽ? ይኸው፣ ኮሚቴው ነው የወሰነው፤ ተፈርሞበታል» አለኝ። ሊያድነኝ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው፣ ጫን ተደርጎ የተጻፈ። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ምስጥ ያልበላት እሷ ብቻ ናት።

ሴትዮዋ የመጡት ከሳምንታት በኋላ ነው። የባላቸው ወንድም ድንበሩን ጨርሶ ነቅሎት ጉዳዩ ቀበሌው ወደ ሰየማቸው ሽማግሌዎች ሄዶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ማስረጃ አምጪ ብለዋቸዋል። በዝናብ የራሰ ነጠላቸውን ወንበሩ ላይ ዘርግተው ተቀመጡ።

«መዝጋቢዋ ስልኩ እንቢ አለኝ አለች። እኔ አንተ ጋ መጣሁ።»

የዚያን ቀን ቃል መምረጥ ፈራሁ። «ተዘርፈናል እናቴ» አልኩ።

ዝቅ ብለው ጠረጴዛው ሥር አዩ። «ሣጥኑ አለ።»

«ሣጥኑ አለ። ውስጡን ነው የቆለፉት።»

«ማነው?»

«አይታወቅም። ሩቅ አገር ያለ ሰው።»

«የኔን መሬት ይፈልጋል?»

«አይፈልግም። ምን እንደቆለፈም አያውቅም።»

ይህ ሊገባቸው አልቻለም፤ እኔም እስከ ዛሬ አልገባኝም። «የማይፈልገውን ለምን ወሰደ?» አሉኝ። ከዚያ ያን የፈራሁትን ተናገሩ። «አንተ አለ ብለኸኝ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ፊት እኔ ልመስክር አልኩ። በቀጠሮው ዕለት ኮንጋ ወጣሁ። አብረውን ከዞሩት ሁለት ጎረቤቶች አንዱ ሞተዋል። ሌላው ልጃቸውን ለባልየው ወንድም ልጅ ሊድሩ ነው፤ «ብዙ ጊዜ ሆነው፣ አላስታውስም» አሉ። የባላቸው ወንድም ዐይኔን እያየ «የቱ ወረቀት?» አለ። እኔ ተነሣሁ። ድንበሩን በእግሬ እንደዞርኩ፣ ይህ ሰው ራሱ ከፊቴ ይሄድ እንደነበረ፣ ዋንዛው ጋ ሲደርስ መሬቱን በእግሩ መትቶ «ከዚህ ወዲያ የእሷ ነው» እንዳለ ተናገርኩ።

ሽማግሌዎቹ በደንብ ሰሙኝ። አንደኛው «መልካም፤ ተነሺ፣ ዋንዛውን አሳዪን» አሉኝ።

ሄድን። ሁሉም ከኋላዬ ተከተሉኝ፤ ሴትዮዋም። ዳገቱን ወጥተን እንሰቱን አልፈን ስንገባ አንድ ዋንዛ አየሁ። ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ ዋንዛ አለ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ። ቆምኩ። በዚህ መጥተናል ወይስ በዚያ? የዚያን ቀን እግሬ መንገዱን ይረግጥ ነበር እንጂ ዐይኔ የነበረው እጄ ላይ ባለችው መሣሪያ ላይ ነው። እሷ ታስታውሰዋለች ብዬ እኔ አላስታወስኩትም። ሴትዮዋ ቦታውን ያውቁታል፤ ግን ባለጉዳይ ናቸው፣ ምስክራቸው እኔ ነኝ፤ ሊጠቁሙኝ አይፈቀድላቸውም። ዐይናቸው አንዱ ዋንዛ ላይ እንዳይውል መሬት መሬቱን እያዩ ቆሙ። ብዋሽ ኖሮ ከሦስቱ አንዱን በግምት እጠቁም ነበር። ወላሂ መዋሸቱንም አሰብኩት። በስሕተት ለሰውየው የሚያደላውን ልጠቁም እንደምችል ስለፈራሁ «አላወቅሁትም» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ አልፈረዱብኝም። ደብተሩ ላይ ባለው ስም ፈረዱ። ቤቱና በደጁ ያሉት ጥቂት እንሰቶች ለሴትዮዋ ይቆዩላቸው ተባለ። ቡናው ሄደ።

ከዚያ በኋላ መዝገቡን ከዜሮ ጀመርኩ። እንደገና ዞርኩ፣ እንደገና ለካሁ፤ ወረቀቱንም በሁለት ቅጂ አኖርኩ። ዘበኛ ብዬ ለኮሚቴው አስረዳሁ፤ ሊቀመንበሩ «ይሄንን ያኔ ለምን አልነገርሽንም?» አሉኝ እንጂ አንድ ሰው አልተቃወመም። አዲስ አበባ የቆመችው ማሽን ዛሬ እንግዳውን ሁሉ ከደጅ እየጠየቀች ትሠራለች። አንድ ቀን አስቸግራኝ አታውቅም። ባየኋት ቁጥር እጠላታለሁ።

ሴትዮዋ ለመጨረሻ ጊዜ የመጡት ዘንድሮ ነው። ብቻቸውን መኖር ከብዷቸው ገደብ ከተማ ያለች ልጃቸው ጋ ሊገቡ ወስነዋል። ገደብ ለመሄድ ዲላ መምጣት የለባቸውም፤ መንገዱ ወደ ሌላ ነው። ለእኔ ብለው ነው የመጡት።

«ልጄ፣ ስሜን ፍቅልኝ» አሉኝ።

«ከየት ነው የምፍቀው እናቴ?»

«ከአባል። ቡና የለኝም። ቡና የሌለው ሰው ስሙ ማኅበር ውስጥ ቢቀመጥ ውሸት ነው። እኔ በውሸት አልቀመጥም።»

ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው ተቀመጡ። አዲሱን መዝገብ ከፈትኩ። ስማቸውን ፈለግሁ። ማሳ የሌለውን ሰው አዲሱ መዝገብ ስለማይቀበል፣ ስማቸውን እኔው ራሴ ሳላስገባው ቀርቻለሁ። የሚፋቅ ነገር አልነበረም።

ማንበብ አይችሉም፤ ጣቶቼን ግን በደንብ እያዩ ነው። አንድ ባዶ መስመር ከፈትኩ። በዚያ ባዶ መስመር ላይ ስማቸውን ከነአባታቸው ስም ቀስ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የመደምሰሻውን ቁልፍ ድምፁ እንዲሰማቸው ጠንከር አድርጌ ደጋግሜ ተጫንኩ።

«ተፋቀ?» አሉኝ።

«ተፍቋል እናቴ።»

«ጌታ ይባርክህ» አሉኝ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና ደረጃውን ወረዱ።